ሳተላይት ባሕሩን እያየው ቴርሞሜትር ከውሃ ሥር ምን ይሠራል?

ጥያቄውን የላኩት አንድ የደሴ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ በኮምቦልቻና ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል። ባለፈው እዚያ ባሕር ዳር ጠላቂዎች አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ከውሃ ሥር ሲያወጡ አየ። ‹የባሕሩን ሙቀት በየሰዓቱ ትመዘግባለች፣ ለዓመታት እዚያው ትቆያለች› አሉት። የባሕር ሙቀት በሳተላይት በየቀኑ በነጻ ይገኝ የለም እንዴ? ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዓመታት ውሃ ውስጥ የከረመ ዕቃስ እንዴት ይታመናል? እኛስ ሎጎ ሐይቅ ላይ ከተማሪዎች ጋር ልንሞክረው እንችላለን?»

መምህር፣ ሳተላይቱን አልንቀውም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የሚያየው የውሃውን ቆዳ ብቻ ነው። በኢንፍራሬድ የሚለካው ከሚሊሜትር በጣም ያነሰ ስስ የላይ ንጣፍ ነው። ዓሣውም ኮራሉም የሚኖሩት ከዚያ በታች ነው። ደመና ከመጣ ጭራሽ አያይም። ዳርቻ ላይ ደግሞ መሬቱና ውሃው ይደባለቁበታል፤ ለኮራል ክትትል የሚያገለግለው የታወቀው ዕለታዊ መረጃ አንዷ ነጥቡ በግምት 5 ኪሎ ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር ነች። ሎጎ ሐይቅ በጠቅላላ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነጥብ ውስጥ ተውጦ ይቀራል ማለት ነው። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች የተሻለ ይለያሉ፣ የሙቀት ምስላቸው አንዷ ነጥብ እስከ 100 ሜትር ትወርዳለች። ግን አንዱ ሳተላይት ያንኑ ቦታ ዳግም የሚያየው በ16 ቀን አንዴ ነው። ያ ቀን ሐምሌ ላይ ከዋለማ የሚደርስዎ የወሎ ደመና ፎቶ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ጥልቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰኔ እስከ ነሐሴ አውሮፓን ያጠበሳት ሙቀት ትዝ ይልዎት ይሆናል። በዚያው ጊዜ በሰሜን ምዕራብ ሜዲትራንያን ዳርቻ ጎርጎኒያን የሚባሉ፣ ዓለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት በብዛት አለቁ። የላይኛው ውሃ መሞቁን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሙቀቱ ስንት ሜትር ድረስ ወረደ? ስንት ሳምንት ተኛበት? ይህን ሊመልስ የሚችለው እዚያው ጥልቀት ላይ የተቀመጠ መሣሪያ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ በሜዲትራንያን ዳርቻ በየ5 ሜትሩ እስከ 40 ሜትር ድረስ መሣሪያ ዓለት ላይ አስረው በየሰዓቱ የሚመዘግቡት። ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ገፍቶ ሲመጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በቀን አንዴ የሚለካ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ሥራ ሆዱ እዚህ ነው።

መሣሪያዋ ራሷ ብዙ ምሥጢር የላትም። ውስጧ ቴርሚስተር አለ፤ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ቅንጣት ነው። ባትሪና ማኅደረ ትውስታ አላት፣ በቃ፣ በፕላስቲክ ታሽጋለች። በብዛት የሚታየው ሆቦ የሚባለው ምርት ነው። አንደኛው ዓይነት 120 ሜትር ድረስ ይገባል፣ ባትሪው 6 ዓመት ገደማ ይቆያል፣ 42,000 ያህል ንባብ ይይዛል። በየሰዓቱ ከመዘገበ ወደ 5 ዓመት መሆኑ ነው። የ0.02 ዲግሪ ለውጥ ይለያል። ትክክለኛነቱ ግን ወደ ±0.2 ዲግሪ ነው።

ይህችን የመጨረሻ ቁጥር ያዙልኝ።

የዓለም ባሕሮች ገጽ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እስከ 2011–2020 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የሞቀው በአማካይ 0.9 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ወሬ፣ ይህ ሁሉ ጉባኤ የሚካሄድባት ቁጥር አንድ ዲግሪ እንኳን አትሞላም። ዛሬ ባሕር በአሥር ዓመት የሚሞቀው እንደየቦታው ቢለያይም በዲግሪ አሥረኛ የሚቆጠር ነው። አሁን አንድ ጣቢያ ያስቡ። እስከ ዘንድሮ ድረስ 0.15 ዝቅ አድርጋ የምታነብ መሣሪያ ነበረች። ባትሪዋ አለቀ። በምትኳ 0.15 ከፍ አድርጋ የምታነብ ገባች። ሁለቱም በአምራቹ ቃል ውስጥ ናቸው፣ አንዳቸውም አልተበላሹም። መዝገቡ ላይ ግን ባሕሩ በአንድ ሌሊት 0.3 ዲግሪ ሞቀ። ውሃው ምንም አልሆነም! ከሃያ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ተመራማሪ ይህን ካላወቀ የአየር ንብረት ለውጥ አገኘሁ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ «ይታመናል ወይ» ለሚለው መልሴ፣ መሣሪያዋን ብቻዋን አላምናትም ነው። የማምነው አብሯት የሚሄደውን ፍተሻ ነው።

ፍተሻው ደግሞ ደሴ ላይ በባልዲ ይሠራል።

ንጹሕ በረዶ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲደባለቅ 0 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ከተፈጥሮ በነጻ የተሰጠ መለኪያ ነው። አደራ፣ የፈላ ውሃን 100 ዲግሪ ነው ብለው እንዳይጠቀሙ። የመማሪያ መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ወለል ነው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 94 አካባቢ። ቶሳ ተራራ ላይ ቢወጡ ከዚያም ይወርዳል። የበረዶ መቅለጫ ግን ከፍታ ምንም አያሳስበውም፤ ልዩነቱ የዲግሪ ሺህኛ ቤት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን ዲስትልድ ውሃ ይግዙ፤ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጋር አይጠፋም። አሲዱን እንዳይሰጡዎት ብቻ ይጠንቀቁ። ከፊሉን ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው በረዶ ያድርጉት። የቧንቧ ውሃ ጨው ስላለበት ትንሽ ያዛባል። በረዶውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው በመዶሻ ያድቅቁት፣ አሸዋ እስኪመስል። ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በረዶውን እስከ አፉ ይሙሉ፣ ከዚያ በፍሪጅ የቀዘቀዘውን ዲስትልድ ውሃ በቀዳዳዎቹ መካከል ያፍስሱ። በረዶው እስከ ታች መድረስ አለበት። ከላይ ብቻ ከተንሳፈፈ ከታች የሚተኛው 4 ዲግሪ ያለው ውሃ ነው፤ ውሃ ከሁሉም በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነውና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መሣሪያዎቹን በአንድ ክር አስረው መሃል ላይ ያስገቡ፣ በየደቂቃው እንዲመዘግቡ ያድርጉ፣ በየጥቂቱ እያማሰሉ አንድ ሰዓት ይቆዩ።

ሲያወጡ አንዷ 0.14 ብላለች እንበል፣ ሌላዋ ከዜሮ በታች 0.06። ጥሩ። መወርወር የለም። የእያንዳንዷን ልዩነት በመለያ ቁጥሯ ፊት ይጻፉ፣ በኋላ ከንባቡ ላይ ይቀንሱታል። ውሃ ውስጥ ከርማ ስትወጣ ያንኑ ፍተሻ ይድገሙ። ልዩነቷ ካልተቀየረ በመሃል ያለው መዝገብ ይታመናል። ከተቀየረም መቼ እንደጀመራት ባያውቁም እስከ ምን ድረስ መጠርጠር እንዳለብዎት ያውቃሉ።

መሣሪያ ሲቀየር አሮጌዋ ወጥታ አዲሷ መግባት የለባትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረው ቢያንስ አንድ ወቅት አብረው ይክረሙ። ገንዘብ የሚያጥራቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚዘሉት ይህን ነው። ከመዝለልዎ በፊት ሌላ ነገር ይቀንሱ እላለሁ። አራት ጥልቀት ላይ ሊያስቀምጡ ካሰቡ ሦስት ያድርጉትና አንዷን ለዚህ ይያዙ።

ባሕር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ጥቂት ወር በቆየች መሣሪያ ላይ አልጌ ይበቅላል፣ ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ይለጠፋል፣ ከዚያ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሲወፍር መሣሪያዋ ሙቀቱን ዘግይታ ትሰማለች። ጠላቂዎች በየወቅቱ በብሩሽ ያጸዷታል፣ ወይም ከመግባቷ በፊት ሰውነቷን በፕላስተር ጠቅልለው ሲያወጧት ከነቆሻሻው ይልጡታል። ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ከሆነ ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ ታሞቃታለች። ያኔ የምትነግርዎ የውሃውን ሳይሆን የራሷን ሙቀት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ነጭ ፒቪሲ ቱቦ ገዝተው ዙሪያውን ይብሱት፣ እሷን ውስጡ ይሰሯት። ውሃ ያልፋል፣ ፀሐይ አያገኛትም።

ሌላው የሚያስቸግረው የእኛው ሰዓት ነው። እየሳቅሁ አይደለም። ተማሪ ደብተሩ ላይ «3 ሰዓት ላይ አስገባን» ብሎ ይጽፋል። መሣሪያዋ 09:00 ትላለች። በዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 06:00 ነው። መሣሪያዋ ሰዓቷን የምትወስደው ካስነሣት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ነው፤ ያ ኮምፒውተር በሐበሻ ሰዓት ከተሞላ መዝገቡ በሙሉ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ምልክቱን ልንገርዎ፦ ፀሐያማ ቀን ላይ የሐይቁ የላይ ውሃ ከቀትር በኋላ መሞቅ ሲገባው ጠዋት 09:00 ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከታየ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ «2017» ተብሎ የተጻፈ ደብተር ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው 2017 እንደሆነ ማን ያውቃል? መሣሪያውን በዓለም አቀፍ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ያድርጉት፣ ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ይጻፉ። እኛ ጋ ሰዓት በወቅት ወደፊትና ወደኋላ ስለማይገፋ ሦስት ሰዓት መቀነስ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ርዝመቱ ላይ ጥቂት ልበል። ረጅም የባሕር መዝገብ የተጀመረው በባትሪ አይደለም። በካሊፎርኒያ፣ ላ ሆያ ላይ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ከ1916 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየቀኑ ሲለካ ኖሯል። በማን ደሴት ፖርት ኤሪን ላይ ደግሞ ከ1904 ጀምሮ። ስክሪፕስ በኦገስት 2018 እስከዚያ ያልታየ ሙቀት ሲመዘግብ፣ የተሰበረው የ1931 ንባብ ነበር። ይህን ማለት የተቻለው በመሃል ባሉት 87 ዓመታት ሰው እየተቀያየረ ልኬቱ ስለቀጠለ ነው። ዛሬ «የባሕር ሙቀት ማዕበል» ለማለት የተለመደው መስፈርት፣ ለቦታውና ለወቅቱ ከሚጠበቀው 90ኛ ፐርሰንታይል (ከመቶ ቀን ዘጠናው ከማያልፉት ልክ) በላይ የሆነ ሙቀት ቢያንስ ለ5 ተከታታይ ቀን መቆየት አለበት ይላል። የሚጠበቀውን ለማወቅ የ30 ዓመት መዝገብ ይመከራል። ለኮራል ደግሞ ጭንቀቱ የሚጀምረው ከዓመቱ ሞቃት ወር አማካይ 1 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ደቡባዊ ቀይ ባሕር በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ዝናብ ላይ ሳለን፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። እዚያ ላለ ኮራል የቀረችው ትርፍ ዲግሪ ትንሽ ነች። ወንድምዎ ያዩዋት ዕቃ 0.3 ብትሳሳት ከዚያች ከአንዷ ዲግሪ ሲሶውን በላች ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ ሎጎ ሐይቅ።

ይቻላል። እንዲያውም ከባሕሩ ይቀላል፤ ጨው የለም፣ ማዕበሉ ልከኛ ነው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱም 80 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁ፦ እንደ ሎጎ ባሉ የደጋ ሐይቆች የላይና የታች ውሃ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ትንሽ መስሎ እንዳይታይዎ። ውሃ ሲሞቅ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚቀለው ክብደት እየጨመረ ይሄዳል። ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሄድ የሚፈጠረው የክብደት ልዩነት ከ9 ወደ 10 ከሚፈጠረው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ዲግሪ እንኳን የላዩን ውሃ ከታቹ ለይታ ለወራት ልታቆይ ትችላለች። የታችኛው ኦክስጅን ያልቅበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲበረታ የላዩ ውሃ ይከብድና ይሰምጣል፣ ሐይቁ ይገላበጣል። ኦክስጅን የሌለው ውሃ ድንገት ወደ ላይ ከወጣ ዓሣ ሊጨርስ ይችላል፤ በቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች የታወቀ ነገር ነው። ተማሪዎችዎ ይህን መገላበጥ በቁጥር ያዩታል። ሲገላበጥ በየጥልቀቱ ያሉት መስመሮች እየተቀራረቡ መጥተው አንድ ላይ ይገጥማሉ። ባዮሎጂ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ግን የመሣሪያ ምርጫ ላይ ቸልታ አይሠራም። የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በአርዱዪኖ (በትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ሰሌዳ) የሚሠሩበት ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ርካሽ ሴንሰር ትክክለኛነቱ ±0.5 ነው። እንዳለ ከተጠቀሙበት ሐይቁ ከታች የሚሞቅ ሊመስልዎ ይችላል። በበረዶው ባልዲ ልዩነታቸውን አውጥተው ካረሙ ግን ለልምምድ ይሆናል፤ እኔ እንዲያውም በእነሱ እንዲጀምሩ እመርጣለሁ። የፋብሪካዎቹ አንዷ ከ100 ዶላር በላይ ናት፣ ዶላሩም እንደሚያውቁት ነው። ሲገዙ ባትሪው በእጅ የሚቀየረውን ይጠይቁ። አንዳንዶቹ ባትሪያቸው ሲያልቅ ወደ ፋብሪካ መላክ አለባቸው፤ ከዚህ ወደ አሜሪካ መላክ ማለት መጣል ማለት ነው። በብሉቱዝ የሚነበቡት ይመቻሉ፣ ነገር ግን ሞገዱ ውሃን አያልፍምና ለማንበብ ማውጣት ግድ ነው።

አጣጣሉ ላይ፦ ከላይ ቢጫ ጄሪካን ተንሳፍፎ ካዩ ዓሣ አጥማጁም ልጁም ይስበዋል፣ ማንንም አልወቅስም። ተንሳፋፊውን ከውሃው ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይደብቁት። መልህቁ ጠጣር ኮንክሪት ይሁን፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ስለሚጠፋ ባዶ ብሎኬት አይበቃም። ገመዱ ፖሊስተር ይሁን፣ ናይለን ይለጠጣል። ከመልህቁ ሌላ ረጅም ገመድ መሬት ለመሬት ይዘርጉ፤ ለማውጣት ስትመጡ በመንጠቆ የምትይዙት እሱን ነው። ቦታውን በጂፒኤስ ብቻ ሳይሆን በዳር ባሉ ምልክቶችም ይያዙ። ከሁሉ በፊት ግን የአጥማጆቹን ማኅበርና እዚያው ያለውን የእስጢፋኖስ ገዳም አባቶች ያነጋግሩ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መቼ እንደሚጠፋና መቼ ወደ ላይ እንደሚመጣ የሚያውቁት አጥማጆቹ ናቸው፤ ያሉትንም ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ተማሪ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት ታንኳ ላይ አይውጣ።

ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ከፍታው ይዋዥቃል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ዱሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግር ይገባል። መሣሪያዎ ከታች ከመልህቅ ስለታሰረች ውሃው አንድ ሜትር ቢቀንስ «10 ሜትር» ያሏት 9 ሜትር ላይ ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ ዳር ላይ በማይነቃነቅ ዓለት በቀለም መስመር ያስምሩ፣ በሄዱ ቁጥር ውሃው ከመስመሩ ስንት እንደራቀ በሜትር ለክተው ይጻፉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያለዚህ የጥልቀት ቁጥርዎ ዋጋ የለውም።

ለመጀመር አራት መሣሪያ ይበቃል፦ 4፣ 10፣ 20 እና 40 ሜትር ላይ። በየሰዓቱ ይመዝግቡ። ጥቅምት ላይ ካስገቧቸው የመጀመሪያው መገላበጥ አያመልጥዎትም፤ የካቲት ላይ አውጥተው ያንብቡ፣ በበረዶ ይፈትሹ፣ ይመልሱ። በረዶው የሚያጣራው ዜሮ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ 20 እና 25 ዲግሪ አካባቢም ማወዳደር ጥሩ ነው። ለዚህ ኮምቦልቻ የእኔ ማመሳከሪያ ቴርሞሜትር አለ፤ ከማስገባትዎ በፊት የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ይዘዋቸው ይምጡ። ከመምጣትዎ በፊት በየመሣሪያዋ ላይ ቁጥሯን በማይለቅ ነገር ይጻፉባት፤ አራቱም መልካቸው አንድ ነው።